ሪስቲክ ስተዲን እንከልክል ወይ? ለአራት ሰው ጠረጴዛ የሚሆኑ ካርዶችና የቤት ሕጎች

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። አራት የአክስትና የአጎት ልጆች በየሳምንቱ ቅዳሜ ማታ ተሰብስበው ማጂክ ዘ ጋዘሪንግን፣ ከእሱም ኮማንደር የሚባለውን ዓይነት ይጫወታሉ። አንድ ጨዋታ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ታናሽየው ሪስቲክ ስተዲ የተባለ ካርድ ስላለው እጁ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ታላቅየው ደግሞ ሌሎቹ በበረቱ ቁጥር ራዝ ኦቭ ጎድን አውርዶ ሜዳውን ይጠርጋል። ቀድሞ የተሸነፈ ሰው ለሁለት ሰዓት ያህል ስልኩን እየነካካ ይጠብቃል። ጠያቂዋ እንዲህ ብለዋል፦ «ማንም ማንንም ማስቀየም ስለማይፈልግ እየተያየን እንቀመጣለን። ሁለቱን ካርዶች በቤት ሕግ ብንከለክል ይሻላል ወይስ የየራሳችንን ካርዶች እንቀይር?»

እህቴ፣ እኔ ከጥያቄዎ ውስጥ ዓይኔን የሳበው የሁለቱ ካርዶች ስም ሳይሆን «እየተያየን እንቀመጣለን» ያሉት ነው። በሲያትል አካባቢ ለብዙ ዓመታት የዚህ ጨዋታ ዳኛ ሆኜ ሠርቻለሁ። ከአራት ሰው ጠረጴዛ ጀርባ ቆሜ ባሳለፍኩት ጊዜ ሁሉ፣ ሰው ሰውን የማያጠቃበት ጠረጴዛ ካርድ በመከልከል ብቻ ሲድን አላየሁም። አንዱ ካርድ ሲታገድ ሌላው ይተካል፤ ሦስቱ ሰዓት ግን ሦስት ሰዓት ሆኖ ይቀራል። መልሴ ረዘም ይላል፤ ምክንያቱን ከሥሩ ማሳየት ስለምፈልግ ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ማጂክ የሒሳብ ምሁሩ ሪቻርድ ጋርፊልድ ፈጥሮት ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1993 ያሳተመው ጨዋታ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች በሺህ ከሚቆጠሩ ካርዶች መካከል የራሱን ጥቅል መርጦ ይመጣል። መሬት የሚባሉት ካርዶች ማና የተባለውን ባለ ቀለም ኃይል ይሰጣሉ፤ በማናው የሚያጠቁና የሚከላከሉ ፍጡራንና ሌሎች ካርዶች ይወርዳሉ። በመደበኛው የሁለት ሰው ጨዋታ እያንዳንዱ በ20 የሕይወት ነጥብ ይጀምራል፤ ነጥቡ ያለቀበት ይሸነፋል። በኮማንደር ብዙውን ጊዜ አራት ሰው ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ 40 ነጥብ አለው፤ ጥቅሉ መሪ የሚባለውን ዋና ፍጡር ጨምሮ 100 ካርድ ነው፤ ከመሠረታዊ መሬቶች በስተቀር አንድ ካርድ ከአንድ ጊዜ በላይ አይገባም።

የእናንተ ችግር ከእነዚህ ቁጥሮች ውስጥ ይነበባል። ላይትኒንግ ቦልት በአንድ ማና ሦስት ነጥብ ይቀንሳል። ሁለት ሰው ሲጫወት ይህ ከተቃዋሚው ሕይወት 15 በመቶ ነው። እናንተ ጠረጴዛ ላይ ግን ከእያንዳንዳችሁ ፊት ሦስት ሰው፣ በድምሩ 120 ነጥብ አለ፤ ያው ካርድ 2.5 በመቶ ብቻ ይቀንሳል። የባሰው ደግሞ አንዱን በአንዱ የሚያጠፉት ካርዶች ሒሳብ ነው። ሶርድስ ቱ ፕላውሼርስ በአንድ ነጭ ማና የፈለጋችሁትን ፍጡር ከጨዋታው ያስወጣል፤ ከመጀመሪያው እትም ጀምሮ ያለ ድንቅ ካርድ ነው። ሁለት ሰው ሲጫወት እኔ አንድ ካርድ አወጣሁ፣ እሱም አንድ አጣ፣ ተካከልን። አራት ሰው ሲሆን እኔና አንደኛው አንድ አንድ ካርድ እናጣለን፤ ሁለቱ ቁጭ ብለው ያተርፋሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው «ሌላው ያጥፋው» እያለ ይጠብቃል። የሚጠብቀው ፈርቶ አይደለም፤ የጠበቀ ሰው በእርግጥ ስለሚያተርፍ ነው።

ካርድ ስትመርጡ እንግዲህ መጀመሪያ የምትጠይቁት ይህን ይሁን፦ ይህ ካርድ ወንበሮቹን ይቆጥራል ወይ? «እያንዳንዱ ተቃዋሚ» ወይም «እያንዳንዱ ሌላ ተጫዋች» የሚል ጽሑፍ ያለበት ካርድ ሰው በበዛ ቁጥር ይበረታል። ሲፎን ማይንድን ተመልከቱ። በአራት ማና ሌሎቹ ተጫዋቾች ሁሉ ከእጃቸው አንድ አንድ ካርድ እንዲጥሉ ያደርጋል፤ ባለቤቱም በተጣለው ልክ ይስባል። በሁለት ሰው ጨዋታ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ካርድ ነው። በእናንተ ጠረጴዛ ግን አንድ ካርድ አውጥታችሁ ሦስት ትስባላችሁ፣ ሦስቱም ሰዎች አንድ አንድ ያጣሉ። ኤግዛንግዊኔትም እንዲሁ ነው፤ ሰባት ማና ቢኖራችሁ እያንዳንዱ ተቃዋሚ አምስት ነጥብ ያጣል፣ እናንተ 15 ታገኛላችሁ። ከዚህ በላይ ደስ የሚለኝ ጎኑ ጨዋታውን ወደ መጨረሻው መግፋቱ ነው። አሥረኛው ዙር ላይ ማና ተከማችቶ ሁሉም ሲፋዘዝ ኤግዛንግዊኔት የያዘ ሰው ሌሊቱን ያሳጥራል።

አሁን ወደ ታናሻችሁ ካርድ ልምጣ። ሪስቲክ ስተዲ በሦስት ማና ይወርድና ጠረጴዛው ላይ ይቆያል። ከተቃዋሚዎች አንዱ ካርድ ባወረደ ቁጥር፣ ያ ሰው አንድ ተጨማሪ ማና ካልከፈለ በቀር ባለቤቱ አንድ ካርድ ይስባል። እ.ኤ.አ. በ2000 ሲወጣ በብዛት ከሚታተሙት ተራ ካርዶች መካከል ነበር። ከፍ ያደረገው የሰው ብዛት ነው። ሦስት ተቃዋሚዎች በአንድ ዙር አንድ አንድ ካርድ ቢያወርዱና ማንም ባይከፍል፣ ሌላው ሰው አንድ ካርድ በሚስብበት ዙር እሱ አራት ይስባል።

ጠረጴዛችሁ ላይ ምን እንደሚሆን በዓይነ ኅሊናዬ ይታየኛል። አራት መሬት ያለው ሰው አራት ማና የሚፈልግ ፍጡር ያወርዳል። «ትከፍላለህ?» ይባላል። ሰውየው መሬቶቹን ያያል፤ ሁሉም ተጋድመዋል፣ ማለትም ማናቸው ወጥቶ አልቋል። «አልከፍልም» ይላል፣ ካርድ ይሳባል። ቀጣዩ ሰው አምስት መሬት ይዞ አራት ማና ያወጣል፤ አንድ ይተርፈዋል፤ «ትከፍያለሽ?» ይባላል፤ ታመነታለች፤ ያኛው ሳይከፍል እኔ ለምን ብላ ትተወዋለች። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚበላሸው። ሦስቱም ቢከፍሉ ሦስቱም እኩል አንድ ማና ይዘገያሉ፤ በመካከላቸው ማንም አይቀድምም፤ ካርዱም እንደ ቁራጭ ወረቀት ይሆናል። አንዱ ሳይከፍል ሲቀር ግን እሱ ይፈጥናል፤ የከፈሉት ሁለቱ ዕዳውን ይሸከማሉ። ከሪስቲክ ስተዲ ጋር ለሚጫወት ሰው ሁሉ የምመክረው፣ ካርዱ እንደወረደ ሦስቱ ተቃዋሚዎች በግልጽ እንዲነጋገሩ ነው፦ እስከዚህ ዙር ድረስ ሁላችንም እንከፍላለን። ይህ ሸፍጥ አይደለም፤ በጠረጴዛ ላይ መደራደር የዚህ ጨዋታ አካል ነው።

ሁለተኛው መድኃኒት ጥቅላችሁ ውስጥ ነው። ብዙ ጊዜ የማየው ስህተት ሰዎች ፍጡር የሚገድሉ ካርዶች ስምንትና ዘጠኝ ይዘው፣ እንዲህ ዓይነቱን ወርዶ የሚቀመጥ ካርድ የሚያጠፋ ግን አንድም አለመያዛቸው ነው። ነጭ ለሚጫወት ዲስኤንቻንት አለ፤ አረንጓዴ ለሚጫወት ኔቸርስ ክሌም በአንድ ማና ይሠራል። ጥቁር ለረጅም ጊዜ በዚህ በኩል ደካማ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ፊድ ዘ ስዋርም ግን በሁለት ማና ያስወግደዋል፣ ዋጋውም የተወሰነ የሕይወት ነጥብ ነው። ቀይ ለሚጫወት ኬኦስ ዋርፕ አለ፤ ካርዱን ወደ ባለቤቱ ጥቅል መልሶ ያስበውዛል። ከእናንተ እያንዳንዱ ከእነዚህ ዓይነቶች ሦስት ወይም አራት ይያዝ። «ሌላው ያጥፋው» የሚለው ችግር እዚህም ይመጣል፤ ስለዚህ ሪስቲክ ስተዲን ላጠፋ ሰው ሌሎቹ ሁለቱ ለአንድ ዙር እንዳያጠቁት አስቀድማችሁ ተስማሙ። ያወጣውን ካርድ በዕረፍት ትመልሱለታላችሁ ማለት ነው።

ታላቃችሁን በተመለከተ ግን በእሳቸው በኩል ቆሜ እከራከራለሁ። ራዝ ኦቭ ጎድ በአራት ማና በሜዳው ያሉትን ፍጡራን ሁሉ ይገድላል። ሒሳቡ ምን ያህል እንደሚያጓጓ እዩት፦ ሦስቱ ተቃዋሚዎች ሦስት ሦስት ፍጡር ቢኖራቸውና ባለቤቱ አንድ ቢኖረው፣ ሁለት ካርድ ከፍሎ ዘጠኝ ያጠፋል። ያም ሆኖ ይህ ካርድ ለጠረጴዛው ያስፈልጋል። አንዱ ሰው በአምስተኛው ዙር ገንፍሎ ሲወጣና ማንም ሊያቆመው ሳይችል ሲቀር የቀሩትን ሦስቱን ወደ ጨዋታው የሚመልሳቸው እሱ ነው። ጠራጊ ካርዶችን ያገደ ጠረጴዛ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ፈጥኖ ፍጡር የሚያበዛው ሰው መንግሥት ይሆናል። አይቼዋለሁ።

ታላቃችሁ የሚሳሳቱት ሌላ ቦታ ላይ ነው፤ ከጠረጉ በኋላ ምን እንደሚያደርጉ ሳያስቡ ይጠርጋሉ። ሜዳውን ባዶ አድርጎ እጁ ላይ ምንም የሌለው ሰው ጨዋታውን ወደ መጀመሪያው ከመመለስ በቀር ያደረገው ነገር የለም፤ ሌላ 40 ደቂቃ ተጨመረ ማለት ነው። ለእሳቸው የምመክረው እንዲህ ነው፦ ጠራጊ ካርዶችዎ ከሁለት ወይም ከሦስት አይብለጡ፤ ሲያወርዷቸውም አንድም ሊሸነፉ ሲሉ፣ አለዚያም በቀጣዮቹ ሁለት ዙሮች የሚያሸንፉበት ነገር ይዘው ይሁን። ይህን ሕግ አታድርጉት። ሕግ ከሆነ «ልሸነፍ ነበር፣ አልነበርክም» የሚል ክርክር ይወልዳል። ልማድ ይሁን። ለሌሎቻችሁ ደግሞ፦ ራዝ ኦቭ ጎድ እንደሚመጣ እያወቃችሁ እጃችሁን ሙሉ በሙሉ ሜዳ ላይ አታፍስሱት። የሚያስፈልገውን ያህል አውርዱ፣ ሁለት ፍጡር እጃችሁ ላይ አቆዩ። አረንጓዴ የምትጫወቱ ሂሮይክ ኢንተርቬንሽንን ያዙ፤ በሁለት ማና ሜዳችሁ ላይ ያለው ሁሉ ለዚያ ተራ እንዳይጠፋ ያደርጋል። የሚጠርገው ሰው የራሱን ገድሎ የእናንተ ሲተርፍ አንድ ጊዜ ካየ፣ ቀጣዩን ጊዜ ቆም ብሎ ያስባል።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ካርድ ነው። አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ አለመጠቃቃቱ ልመለስ።

ከዓመታት በፊት ከጓደኞቼ ጋር ቤቴ ስንጫወት አንድ የቤት ሕግ አወጣሁ፦ እስከ አምስተኛው ዙር ድረስ ማንም ማንንም አያጠቃም። ሐሳቤ ቅን ነበር፤ አዲስ የገባች ተጫዋች በሁለተኛ ዙር እየተመታች ስታዝን አይቼ ነው። ውጤቱ ተቃራኒ ሆነ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁሉም ጥቅሉን ቀይሮ መጣ፤ ርካሽ ፍጡራን ወጡ፣ ስምንት ማና የሚፈልጉ ግዙፎች ገቡ፤ በመጀመሪያዎቹ ዙሮች እየሰበሰብን በኋለኞቹ አንዳችን የአንዳችንን ግንብ ማለፍ አቃተን። አዲሷ ተጫዋችም ከሁላችን ያነሰ ግንብ ስለነበራት ቀድማ ትወጣ ጀመር። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም የቤት ሕግ ሳይ የምጠይቀው ጥያቄ ይህ ሕግ በሚቀጥለው ወር ሰዎች ጥቅላቸውን ምን አድርገው እንዲመጡ ያስገድዳቸዋል የሚል ነው። ማጥቃትን የሚቀጣ ሕግ አጥቂ የሌለበት ጠረጴዛ ያመጣል። እናንተ የምትፈልጉት ደግሞ ለማጥቃት ምክንያት የሚሰጥ ሕግ ነው።

እንዲህ ያለ ሕግ ከጨዋታው ውስጥ ተዘጋጅቶ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2016 ለብዙ ሰው ጨዋታ ተብሎ በወጣው ኮንስፓይረሲ፦ ቴክ ዘ ክራውን በተባለው ስብስብ ውስጥ ሞናርክ የሚባል ሥርዓት ገባ። ዘውዱን የያዘ ሰው በተራው መጨረሻ አንድ ተጨማሪ ካርድ ይስባል። ፍጡር አጥቅቶ ዘውድ የያዘውን ሰው ከጎዳ፣ የዚያ ፍጡር ባለቤት ዘውዱን ይወስዳል። ያለው ይኸው ነው። ለእናንተ የማቀርበው የቤት ሕግ ይህ ሥርዓት ያለ ምንም ካርድ ከመጀመሪያው እንዲኖር ነው። ጠረጴዛው መካከል አንድ ባዶ ሲኒ አስቀምጡ። በጨዋታው ውስጥ መጀመሪያ ሌላውን ተጫዋች በፍጡር ያጠቃና የጎዳ ሰው ሲኒውን ያነሣል፤ ከዚያ ወዲያ በሥርዓቱ ይቀጥላል።

ይህን ቤቴ የሞከርንበትን ማታ አልረሳውም። በሦስተኛው ዙር ላይ አንዱ ጓደኛችን አንድ ነጥብ ብቻ የምትጎዳ ትንሽ ፍጡር ይዞ ወደ ግራው ዞረና አጠቃ፤ የተጠቃው ሰው 39 ሆነ። ሲኒው ተነሣ። በቀጣዩ ተራ ሌላው ሲኒውን ለመውሰድ መጣ፤ ባለ ሲኒው ለመከላከል ፍጡር ማስቀረት ነበረበት፤ ስላስቀረ በእኔ በኩል ክፍተት ተገኘ። በዚያ ማታ ሲኒው ስንት ጊዜ እንደተዘዋወረ መቁጠር አቃተን። ሰዓቴን አየሁ፤ ጨዋታው በሰዓት ከሃያ ደቂቃ አለቀ። ያው ሰዎች፣ ያው ጥቅል ነበር።

በተለይ ለእናንተ ይህ ሕግ የሚበጅበት ሌላ ምክንያት አለ፤ በቤታችን ልማድ ከባድ ስለሆነ በግልጽ እናገረዋለሁ። ታናሽ ታላቁን ያለ ምክንያት ማጥቃት ይከብደዋል። ጨዋታ መሆኑን እያወቀም እጁ ያመነታል። ታላቅም ታናሹን መምታት እንደ ግፍ ይቆጠርበታል። ጠያቂያችን «ማስቀየም» ያሉት ይህንን ይመስለኛል። ሲኒው መካከል ላይ ሲሆን ግን «ጋሼን አጠቃሁ» የሚባል ነገር የለም፤ ሲኒውን ነው የፈለግኩት ይባላል። ምክንያቱ ከሰው ወደ ዕቃ ሲዞር እጅ ይፈታል። ዲስራፕት ዴኮረም የሚባል ቀይ ካርድም ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ የሌሎቹን ፍጡራን ሁሉ ያነሳሳና እስከ ቀጣዩ ተራችሁ ድረስ ከእናንተ ውጪ ያለውን ሰው እንዲያጠቁ ያስገድዳል። በተቃራኒው ፕሮፓጋንዳ የመሰሉ፣ ለሚያጠቃችሁ እያንዳንዱ ፍጡር ሁለት ማና የሚያስከፍሉ ካርዶች በጠረጴዛችሁ ከበዙ ዝምታው ይብሳል። አንድ ቢበቃ ነው።

መነሻውን ነጥብ ከ40 ወደ 30 እናውርደው የሚሉም አሉ። ጊዜ ያሳጥራል፤ ከፊታችሁ የሚቀረው 120 ሳይሆን 90 ይሆናል። ነገር ግን አንድ መሪ ፍጡር ብቻውን 21 ነጥብ ጎድቶ ሰው የሚያስወጣበት ሕግ በአንጻሩ ይዳከማል፣ ፈጣን ጥቅሎች ደግሞ ከመጠን በላይ ይበረታሉ። እኔ መጀመሪያ ሲኒውን፣ እሱ ካልበቃ ብቻ ነጥቡን እሞክራለሁ።

ስለ መከልከል ግን ዝም ብዬ አላልፍም፤ ጥያቄዎ ስለ እሱ ነውና። የቤት ሕግ ማውጣት የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ኮማንደር ራሱ የቤት ሕግ ነበር። በ1990ዎቹ በአላስካ የነበሩ ጓደኛሞች፣ እ.ኤ.አ. በ1994 የታተሙትን አምስት ሽማግሌ ዘንዶዎች መሪ አድርገው መጫወት ጀመሩ፤ ሼልደን ሜነሪ የተባለው ዳኛ በዳኞች መካከል አሰራጨው፤ ኩባንያው ለዚህ የተዘጋጁ ጥቅሎችን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ከዚያም በፊት፣ የ1993ቱ ሕግ እያንዳንዱ ተጫዋች ከጥቅሉ አንድ ካርድ እንዲያሲዝና አሸናፊው እንዲወስድ ይፈቅድ ነበር። ብዙ ሰው ካርዱን ማጣት ስላልፈለገ በየቤቱ ተወው፤ በመጨረሻም ከተለመደው ጨዋታ ወጣ።

ይሁን እንጂ ክልከላ ሰው እንደሚያቆስል ከቅርብ ጊዜ ታሪክ እናውቃለን። የኮማንደርን ሕግ ይጠብቅ የነበረው በፈቃደኞች የተቋቋመ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. መስከረም 23 ቀን 2024 ማና ክሪፕትን፣ ጁውልድ ሎተስን፣ ዶክሳይድ ኤክስቶርሽኒስትንና ናዱን በአንድ ቀን አገደ። ብዙ ተጫዋቾች ለእነዚህ ካርዶች ብዙ ገንዘብ አውጥተው ነበር። ቁጣው በአባላቱ ላይ እስከ ዛቻ ደረሰ፤ በሳምንቱ ኮሚቴው ኃላፊነቱን ለኩባንያው አስረከበ። ዛቻው አስነዋሪ ነው። ከውሳኔው ግን እናንተ የምትማሩት አለ፦ ሰው የገዛውንና የወደደውን ካርድ ድንገት ስትከለክሉት የምትከለክሉት እሱን ነው የሚመስለው። በአራት ሰው ጠረጴዛ ላይ አንድ ሰው ብቻ የያዘውን ካርድ በስም ማገድ ከዚህም ይብሳል።

የተሻለ መንገድ አለ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 ጥቅሎችን በአምስት ደረጃ የሚከፍል አሠራር ለሙከራ አወጣ፤ ከዚሁ ጋር ጨዋታውን ለብቻቸው የሚለውጡ ካርዶችን ዝርዝር አሳተመ። ሪስቲክ ስተዲ ከዝርዝሩ ውስጥ ነበር፤ ሳይክሎኒክ ሪፍትና ስሞዘሪንግ ታይዝም እንዲሁ። በደረጃ አንድና ሁለት ከዝርዝሩ ምንም አይገባም፤ በደረጃ ሦስት እያንዳንዱ ሰው እስከ ሦስት ድረስ መያዝ ይችላል። በደረጃ ሁለት እንጫወት ብላችሁ አራታችሁም ብትስማሙ፣ ሪስቲክ ስተዲ ማንም ስሙን ሳይጠራው ከጥቅል ይወጣል፤ ሁሉም ሰው ከጥቅሉ የሚያወጣው ነገር ይኖረዋል። እኔ ግን ቅደም ተከተሉን እንዲህ አደርገዋለሁ፦ ለአራት ቅዳሜ ከሲኒው ጋርና ሪስቲክ ስተዲን ከሚያጠፉት ካርዶች ጋር ሞክሩ፤ «ትከፍላለህ?» የሚለው ጥያቄ አሁንም ማታውን ከበላው ወደ ደረጃ ሁለት ውረዱ። ራዝ ኦቭ ጎድን አትንኩት። መሬቶችን ሁሉ የሚያጠፋውን አርማጌዶንን ግን ከዛሬ ጀምሮ ብትተዉት አልከራከርም፤ መሬት አልባ ሆኖ አንድ ሰዓት መቀመጥ ለማንም አይበጅም።

ከመጀመራችሁ በፊት ሁለት ደቂቃ ተነጋገሩ። ተጫዋቾች ይህን ሕግ ዜሮ ይሉታል። ገበጣ የተጫወተ ሰው ይህን ለማስረዳት አይቸገርም፤ የገበጣ ሕግ ከአካባቢ አካባቢ ስለሚለያይ ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው ጋር የተቀመጠ መጀመሪያ ጠጠሩን ሳይሆን ሕጉን ያስተካክላል። እናንተም ጥቅሌ በስንተኛው ዙር ማሸነፍ ይችላል፣ ምን ያህል ጠራጊ አለኝ፣ ማለቂያ የሌለው ዑደት የሚፈጥሩ ሁለት ካርዶች አሉኝ ወይ የሚለውን ተነጋገሩ። የሕትመት ቅጂ ካርድ መጠቀምን በተመለከተ፣ ሁላችሁም ካወቃችሁና ካርዱ በግልጽ የሚነበብ ከሆነ ፍቀዱ፤ የገንዘብ ልዩነት በዘመዶች ጠረጴዛ ላይ መታየት የለበትም።

ስምምነቶችም ልክ ይኑራቸው። በጠረጴዛ ላይ የተገባ ቃል ቃል የገባው ሰው ቀጣይ ተራ እስኪደርስ ብቻ ይጽና። ከዚያ የረዘመ ቃል ሁለት ሰዎችን አንድ ቡድን ያደርግና ሌሎቹን ሁለት ተመልካች ያደርጋቸዋል፤ ሲፈርስም ቅሬታው ከጨዋታው ውጪ ይተርፋል።

ስለ ጊዜ ትንሽ የምትመስል ግን ብዙ የምታተርፍ ነገር ልንገራችሁ። 12 ዙር ለአራት ሰው 48 ተራ ነው፤ ሦስት ሰዓት ለ48 ሲካፈል ለአንድ ተራ አራት ደቂቃ ገደማ ይደርሳል። ከዚህ ውስጥ ብዙው ከጥቅል ውስጥ ካርድ መፈለግና ዘጠና ካርድ መልሶ መበወዝ ነው። የሚፈልገው ሰው እየፈለገ ቀጣዩ ተራውን ይጀምር። ለአንድ ተራ ሁለት ደቂቃ ተኩል ቢበቃ ያው 12 ዙር በሁለት ሰዓት ያልቃል። በብዙ ሰው ጨዋታ የመጀመሪያው የእጅ ቅያሪ (በመነሻው የተሳቡትን ካርዶች መልሶ ሌሎች መሳብ) በሕጉ ያለ ቅጣት ነው፤ ሌላ ተጨማሪ ነጻ ቅያሪ አትፍቀዱ፤ ሰው ፍጹም እጅ ሲፈልግ ሩብ ሰዓት ያልፋል።

የቀረው ስልኩን እየነካካ የሚጠብቀው ሰው ነው፤ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። አንድ ሰው ሲወጣ ለቀሩት ሦስቱ ሰዓት ይቆጠርባቸው። ሕጉ ይህ ነው፦ ከመጀመሪያው መውጣት በኋላ በመጀመሪያው ዙር እያንዳንዱ በተራው መጀመሪያ አንድ ነጥብ ያጣል፣ በሁለተኛው ዙር ሁለት፣ በሦስተኛው ሦስት፣ እንዲህ እያለ ይጨምራል። መጀመሪያ ላይ አይሰማም። በስምንተኛው ዙር ግን ድምሩ 36 ይደርሳል፤ ሙሉ 40 ነጥብ የነበረው ሰው እንኳ አራት ይቀረዋል። ቁጥሩን የሚጠራውና የሚመዘግበው የወጣው ሰው ይሁን። ሕይወት የሚጨምሩ ካርዶች ያሉት ሰው በዚህ ሕግ ይጠቀማል፤ ከመካከላችሁ እንዲህ ያለ ጥቅል ያለው ካለ ጭማሪውን በሁለት ጀምሩት። በመጀመሪያው ቅዳሜ ሰው የወጣበትን ሰዓትና ጨዋታው ያለቀበትን ሰዓት በወረቀት ጻፉ፤ በአራተኛው ቅዳሜ ከዚያ ወረቀት ጋር አስተያዩት፤ ከዚያ ምን እንደሆነ ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል።